ያልደነገጠችው አይጥ

ደወሉ ጮኸ። ጥቁሯ አይጥ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ጢሟ እንኳ አልተነቃነቀም።

«አየሻት?» አለቻት ልጅቷን አክስቷ፣ በመስታወቱ ሣጥን ላይ ጎንበስ ብላ። «ትናንት ይህ ደወል ሲጮህ ወለሉ በኤሌክትሪክ ነዝሯታል። ዛሬ ምንም አያደርጋትም፤ እሷ ግን አልረሳችውም።»

አክስቷ ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ ያመጣቻት ሆዷ ባብቶላት ነው። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ በሞተር ሳይክል ተገጭቶ ከሞተ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም ማለት ይቻላል። ከዳቦ ቤት ስትወጣ፣ ዓይኗ እያየ ነው የሆነው። ለፖሊስም ለሟቹ ሚስትም የሰጠችው መልስ ግን አንድ ነው፤ «አላስታውስም።» ቃሉ የራሷ አልነበረም። ገጭቶ ያመለጠው የዚችው የአክስቷ ልጅ፣ «በናትሽ፣ አላስታውስም በይ፣ በቃ!» ብሎ ለምኗት ነው። ሰውም ድንጋጤው ነው ብሎ አመናት።

«በይ ሣጥኑን በአልኮል ጥረጊልኝ» አለች አክስቷ፣ አይጧን አውጥታ። «የዚችኛዋ የፍርሃት ሽታ ከቀረ፣ የምትቀጥለዋ በማታውቀው ነገር ትፈራለች።»

ፈትጋ ፈትጋ ጠረገችው። ሁለተኛዋ አይጥ ገባች። እሷንም ትናንት ነዝሯታል፤ ዛሬ ግን መርፌ ተወግታለች። ደወሉ ጮኸ። አይጧ ከቁብም ሳትቆጥረው ጥጋጥጉን እያሸተተች ዞረች።

«ረሳችው?»

«ኧረ ወዲያ! አንጎል ውስጥ አሴታይልኮሊን የሚባል መልእክተኛ አለ። ያስፈራን ነገር እንዲታወሰን እሱ በር ማንኳኳት አለበት፤ በሮቹን ተቀባይ እንላቸዋለን። መድኃኒቱ በሮቹን ዘጋባት እንጂ ትዝታውማ ውስጧ ቁጭ ብሏል። ነገ ሲለቃት ታያታለሽ፣ ድርቅ ነው የምትለው።»

«እኔንስ ብትወጊኝ?»

አክስቷ መሣቅ ጀመረች፤ ሣቋ ግን መሀል ላይ ቀረ። «አንቺን? ምን እንዳታስታውሺ? አላስታውስም አላልሽም እንዴ?»

ልጅቷ ጨርቁን አንስታ የጠረጴዛውን ጠርዝ መጥረግ ጀመረች። ሣጥኑ ውስጥ የአይጧ ጥፍር ወለሉን ይቧጭራል።

«እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ?» አለች አክስቷ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ልጄም ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩን ዞር ብሎ አላየውም። ታሞ ይሆን እያልኩ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ልጅቷ ጨርቁን አስቀመጠች። ከጠረጴዛው ሥር አንድ በርጩማ ሳበችላት።

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ» አለች። «አስታውሳለሁ።»