የሲሚንቶዋ ሴት

«ዛሬ ሊሰብሯት ነው» አለች ኦዴት፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው እስኪዞር ጠብቃ። «መዶሻ የያዙ ሰዎች ወደ ወደቡ ሲወርዱ ወንድሜ አይቷል። አባትሽም እዚያው ናቸው አለኝ።»

ዳሊሳይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሐውልቷን የሠራው አባቷ ነው። ማዕበል ለበላቸው ዓሣ አጥማጆች መታሰቢያ ብሎ፣ አፏን ከፍታ እጆቿን ወደ ባሕሩ የዘረጋች የሲሚንቶ ሴት አቆመ። ገና ስትመረቅ አንዳንዱ አለቀሰላት፤ ሌላው «ምነው እንዲህ አስፈሪ አደረጋት?» ብሎ አጉረመረመ። ባለፈው ወር ግን ሁለት ጀልባዎች እንደወጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ልጆች በአጠገቧ አያልፉም፤ ትልልቆቹም አማትበው ነው የሚያልፉት። ሲሚንቶው ውስጥ የመቃብር አሸዋ አለበት፣ ሙታን በእሷ አፍ ሰው ይጠራሉ ይባላል።

ወሬውን ያወጣችው ዳሊሳይ ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኦዴትን ለማስፈራራት የቀለደችው ነው። ኦዴት ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ደግሞ ለገበያው ሁሉ።

ደወሉ ተደውሎ ሲወጡ ዳሊሳይ ጓደኛዋን በክንዷ ያዘቻት። «አብረን እንሂድና ቀልድ ነበር እንበላቸው።»

«አብደሻል? እኛኑ ነው የሚበሉን። ዝም በይ ባክሽ። ሐውልት ነው፣ ይሰበር። አባትሽ ሌላ ይሠራሉ።»

ኦዴት ወደ ቤቷ ታጠፈች። ዳሊሳይም ጥቂት ተከትላት ሄደች። ከወደቡ ጩኸት ስትሰማ ግን እግሯ ቆመ፤ ከዚያ ቁልቁል ሮጠች።

አባቷ ጀርባውን ለሐውልቷ ሰጥቶ ቆሟል። ከግንባሩ ደም ይወርዳል። ፊት ለፊቱ መዶሻ ጨብጣ የቆመችው አሊንግ ፔሪንግ ናት፤ ባሏ ከቀሩት ጀልባዎች በአንዱ ላይ ነበር።

«ዞር በል» አለችው። «ትንሿ ልጄ ባሕሩን ባየች ቁጥር ጆሮዋን ትደፍናለች።»

«አሸዋው የወንዝ አሸዋ ነው፣ አሊንግ ፔሪንግ። በልጄ እምላለሁ።»

«ውሸታም» አለ አንድ ሰው። ሌላው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ።

ዳሊሳይን ማንም አላያትም። መመለስ ትችል ነበር። በሰዎቹ መሀል ሹልክ ብላ አለፈች።

«የመቃብር አሸዋ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ስላልወጣላት ደገመችው። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። ቀልድ ነበር።»

አባቷ እንደማያውቃት ሰው አያት።

«ለአባቷ ብላ ነው» አለ ከኋላ አንዱ። ድንጋይ ያነሳው ሰው ግን ድንጋዩን አልወረወረም።

አሊንግ ፔሪንግ ወደ ዳሊሳይ ዞረች። ከዚያ፣ «ታዲያ ባሌ የት ቀረ?» አለቻት፤ በቁጣ ሳይሆን፣ ልጅቷ መልሱን እንደምታውቅ ሁሉ።

«አላውቅም፣ አሊንግ ፔሪንግ።»

ሴትዮዋ መዶሻውን አልጣለችም። መሬት ላይ አቁማው በሐውልቷ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«ወደ ቤት ሂጂ» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

ሰዎቹ አልተበተኑም። ዳሊሳይ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና ከአሊንግ ፔሪንግ አጠገብ ተቀመጠች።