የኦሬን ትርጉም

ደራሲው የሞተው ጠዋት ላይ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሥር ነው። ሰዓሊዋ አዲሱን የሽፋን ሥዕል ልታሳየው ስትገባ ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደረሰችበት። «ኦሬንሻ» አለ። ደገመው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ከጠጣው ሻይ ቅሪት ውስጥ የራሱ የልብ መድኃኒት ተገኘ፤ ሐኪሙ እንዳለው ጤነኛ ሰውን እንኳ የሚገድል መጠን ነበር። ብልቃጡ የሚቀመጠው ሁሉም በሚደርስበት የመመገቢያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ነው። ያን ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ሰዓሊዋ ብቻ ናቸው።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ አጭርና ዝምተኛ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ከገባችበት ሁሉ ክር ይዛ ስለምትወጣ።

ሟቹ የጻፋቸው ልቦለዶች የሌለ አገር ታሪክ ናቸው። የአገሩን ቋንቋ እሱው ፈጥሮታል፤ ልጆቻቸውን በዚያ ቋንቋ ስም የሰየሙ አንባቢዎች ነበሩት። ይሁንና ቋንቋውን የጀመሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ በልጅነታቸው ኩፍኝ ይዟቸው አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሳለ። ከሁለቱ በቀር አጥርቶ የሚያውቀው የለም። መጻሕፍቱ ላይ የታተመው ግን የታላቅየው ስም ብቻ ነው።

መርማሪዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ወንድምየውን ነበር።

«ኦሬንሻ ምን ማለት ነው?»

«ቀለም የነካው እጅ» አለ ሳያመነታ። «ሰዓሊዋን እንዲያ ነበር የሚጠራት።»

ቀጥሎም ወንድሙ የሽፋን ሥዕሉን ሥራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ አስቦ እንደነበር፣ ሰዓሊዋም ይህን እንደሰማች እያዘነ ነገራት። ሰዓሊዋ ስትጠየቅ አልካደችም፤ አልቅሳበታለች። ነገር ግን ደራሲው ከ«ልጄ» በቀር በሌላ ስም ጠርቷት እንደማያውቅ ማለች።

ሚስትየው መኝታ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። ሻዩን አፍልታ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጧን አመነች፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም አለች። መዳፏ ውኃ ቋጥሯል፣ ጥፍሯ ሥር ነጭ ብናኝ አለ። መርማሪዋ ልጅ እንዳላቸው ጠየቀቻት።

«አንዲት ነበረችን። ዓመት ሳይሞላት ሞተች።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ሴትየዋ ፊቷን አጨፍግጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። መርማሪዋ የሞተ ልጇን ስም ስትጠየቅ የምታለቅስ እናት ብዙ አይታለች፤ የምትጸየፍ ግን አይታ አታውቅም።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄደች። ትንሿ የድንጋይ ሐውልት እንደቆመች ናት፤ ዓመተ ምሕረቱም ይነበባል። የስሙ ቦታ ብቻ በመዶሻ ተፈልፍሎ ነጥቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እዚህ ግን ስሙን ሊገድል የመጣ ሰው ነበር። የመቃብሩ ዘበኛ ትናንት ያንን ያደረገችው እናቲቱ ራሷ መሆኗን ነገራት። «እብደት መስሎኝ ዝም አልኳት» አለ። የሕፃኗ ስም ኦሬን እንደነበርም ያስታውሳል።

መርማሪዋ ተመልሳ ሰዓሊዋን የጽሕፈት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ካለው ትልቅ ካርታ ፊት አቆመቻት። ካርታውን የሳለችው ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት፣ ደራሲው እየነገራት ነው። ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል ያለው በር ኦሬንዱም፣ ከምትጠልቅበት በኩል ያለው ሱባዱም ይባላል። ወንዙ ሀሉ ነው፤ የሚመነጭበት ሐይቅ ደግሞ ሀሉሻ። ሰዓሊዋ ቋንቋውን አታውቅም፤ ሐይቁን በእናት ጡት ቅርጽ እንድትስለው መታዘዟን ግን አልረሳችም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሀሉሻ የሀሉ እናት ናት» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲህ ኦሬንሻም የኦሬን እናት ናት። ሟቹ የጠሩት እርስዎን ነው፣ እመቤቴ። የልጅዎን ስም ያጠፉት፣ ሰው ክፉ ትርጉም ስለነገረዎት ነው። ያንን ቋንቋ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ሞቷል።»

ሚስትየው ወደ ወንድምየው አልዞረችም። የምትናገረው ለጠረጴዛው ይመስል ነበር። «የተጣለ ሸክም ማለት ነው አለኝ ዋርሳዬ። ልጅቷ ታማ ስትወለድ ባልሽ እየሳቀ ያወጣላት ስም ነው አለኝ። ባሌን ጠየቅሁት። ንጋት ነው ብሎ ማለልኝ። የሚዋሸኝ እሱ መሰለኝ። መድኃኒቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ንጋት ነው» አለች መርማሪዋ። «ኦሬንዱም የንጋት በር ነው፤ የተጻፈውም ልጅዎ ሳትወለድ ነው። እኚህ ሰው ቃሉን ለእኔም ያጣመሙት ለዚህ ነው። እውነቱን ቢነግሩኝ እርስዎም ይሰሙ ነበር።»

ሚስትየው ውኃ የቋጠረ መዳፏን ገልብጣ አየችው።

ወንድምየው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። «እሱ ዕድሜ ልኩን ስም ሲያወጣ ኖረ» አለ። «እኔ አንዴ ትርጉም ባወጣ ምን አለበት? መድኃኒት በእጄ አልነካሁም።»

«ለእኔ በመዋሸትዎ ይጠየቃሉ፤ ቅጣቱ ቀላል ነው፣ ከእስር ቶሎ ይወጣሉ» አለች መርማሪዋ። «ለእሳቸው ለዋሹት ግን የሚያስቀጣ አንቀጽ የለኝም።»

ሁለት ፖሊሶች ገብተው ሚስትየውን ግራና ቀኝ ይዘው አስነሷት። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ ሰዓሊዋ ዞረች።

«ስሜን ሲጠራ አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አለች። «ተቆጥቶ ነበር?»

ሰዓሊዋ ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም።

«አልተቆጡም» አለች። «በሩን በሩን ያዩ ነበር።»