በያጁ በሩን ለምን ዘጋ

በያጁ የሞተው ከልጁ ጋር እያወራ ነው ማለት ይቻላል። ወሬው ግን ድምፅ አልነበረውም። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጁ ከተወለደች ጀምሮ ስለማትሰማ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በእጅ ነው፤ እሱ መርከብ ላይ ሲሆን ደግሞ በቪዲዮ። ያን ቀን ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ካወሩ በኋላ «እጄ ደከመኝ፣ ነገ እንጨርሳለን» አላትና ስልኩን ዘጋ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ራት ይዞለት ሲመጣ በሩ ተዘግቷል። አንኳክቶ መልስ ሲያጣ ከፈተው። በያጁ አስመልሶት ከወንበሩ ሥር ተደፍቷል፤ ክፍሉ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል።

መርከቡ ወደብ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነበር። የወደቡ መርማሪ ጉልበታቸውን እየደገፉ መወጣጫውን ወጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ከኋላቸው «እትዬ ለምን» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ቅር አይላቸውም።

«ነገሩ እንኳ ግልጽ ነው» አለ ካፒቴኑ። «ሬሳውን ያየው የወደቡ ሐኪምም መርዝ ነው ብሏል፤ የምን መርዝ እንደሆነ ነው ያልለየለት። ምግብ አብሳዩን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ፖሊስ መጥቶ ይረከበው።»

«ሌሎቻችሁ ለምን አልታመማችሁም?»

«ሟቹ ራሴን አመመኝ ብሎ ምሳው ለብቻው ነው የተላከለት። እሱና ምግብ አብሳዩ ደግሞ ተኮራርፈው ነበር።»

ከካፒቴኑ ጎን ምክትሉ ቆሟል። የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ በያጁን ለዚህ ሥራ ያበቃውም እሱ ነው። ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም ይላሉ። መርማሪዋ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። ክፍሉን ታሳየኛለህ?»

ምክትሉ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ሬሳው ከተነሣ ጀምሮ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው ያለው። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ቁም ሣጥን የያዘ የብረት ሳጥን ነው ቢባል ይቀላል። መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ግድግዳውን ዓይን ለዓይን ተመለከቱት። ፊት ለፊታቸው ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ከበሩ በላይ ደግሞ ሌሎች አራት አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቀለም ከሌላው ነጣ ብሏል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሽቦዎች ከወለሉ ሥር ብቅ ይላሉ። የወጡበት ቀዳዳ ሊጥ በሚመስል ግራጫ ነገር ተሞልቷል። መርማሪዋ በጥፍራቸው ጫን ሲያደርጉት ጥፍራቸው ሰመጠበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድፈኛ ነው፣ እትዬ። ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ በሱ ይደፈናል፤ እሳትና ጋዝ እንዳያሳልፍ።»

«የምን ጋዝ?»

«የጫንነው ስንዴ ነው። ነቀዝ እንዳይበላው እንክብል መድኃኒት ይደረግበታል። ከሱ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው በየቀኑ ጠዋትና አስር ሰዓት ላይ የመኝታ ክፍሎቹን ሁሉ በመሣሪያ የምለካው። መዝገቡም ይኸው።»

መዝገቡ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። መሣሪያውን ተቀብለው ራሳቸውም ለኩ። ዜሮ አሳየ።

ምግብ አብሳዩ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ አገኙት። ወፍራም፣ ፊቱ ለሳቅ የተሠራ ሰው ነው፤ ሳቁ ግን ከሦስት ቀን በፊት ከድቶታል። ጨው ስለሚያበዛ መርከበኞቹ «ጨዌ» ይሉታል።

«ዓሣ ስንት ቀን ያደረ ነው ያበላኸው?»

«የምን ዓሣ፣ እትዬ? ዓሣ ካለቀ ሁለት ሳምንቱ። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ይዩት። ሰው ሁሉ ዓሣ ሸተተን ይላል፣ እኔ ራሴ ሸቶኛል፤ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በኔትወርክ ነዋ። እዚህ ፎቅ ላይ ዋይፋይ የሚባል ነገር ስሙ ብቻ ነው። ማሠራጫው ላይ፣ መኮንኖቹ ፎቅ ነው ያለው፤ ብረቱ ያስቀረዋል። ያቺኑ የምትንጠባጠበውን እኔ ኳስ ሳይ እጨርስበታለሁ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ስልኩን የእሳት ማጥፊያው ላይ አስደግፎ ልጁን ይጠራል፤ ምስሉ ይቆምበታል። የሷ እጅ ከቆመ ደግሞ ቃሏ ቆመ ማለት ነው። አንድ ቀን ‹ጨዌ፣ ልጄ ዲዳ የምትሆነው አንተ ኳስ ስታይ ነው› አለኝ። ከዚያ በኋላ አስር ሰዓት ሲል ስልኬን አጠፋ ነበር። ሁላችንም እናጠፋ ነበር። አስር ሰዓት የሱ ሰዓት ነው።»

«እስኪሞት ድረስ?»

ጨዌ አሰበ። «አይ። ስንዴውን ከጫንን ወዲህ ‹አታጥፉ፣ ተገላግያችኋለሁ› አለን። ኮሪደሩ ላይም መቆም ተወ።»

«ለምን ብለህ አልጠየቅከውም?»

«ደስ ብሎት ነበር። ደስ ያለውን ሰው ለምን ይባላል እንዴ?»

ኤሌክትሪሻኑ ቀጭንና ቁጡ ነው። ጥያቄው ገና ሳያልቅ መልሱን ያቀብላል።

«ለምኖኛል፤ አልዋሽም። ሽቦ ስበህ ክፍሌ ውስጥ ትንሽ ማሠራጫ ግጠምልኝ ብሎኛል። እምቢ አልኩ። የሽቦው መተላለፊያ በጭነት ክፍሉ ጎን ነው የሚያልፈው፤ ድፍኑን መክፈት ያለ ካፒቴኑ ፈቃድ አይቻልም። ካፒቴኑ ለኩባንያው ጻፈ፣ መርከቡ ለጥገና ሲቆም እናየዋለን ተባለ። በቃ።»

«ከመጋዘንህ የጎደለ ነገር አለ?»

ኤሌክትሪሻኑ ጆሮው ቀላ። «አንድ ጥቅል ሽቦ። እና አንድ ቆርቆሮ መድፈኛ፤ እሱ የጠፋው እንኳ ከትናንት በስቲያ ነው።»

«መድፈኛው ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«ሳምንት።»

«ሟቹ ሲተኛ በሩን ይዘጋ ነበር?»

«ኧረ እሱ? ሙቀት አይችልም። ቀንም ሌትም በመንጠቆ ገርበብ አድርጎ ነው የሚተወው። ሲያንኮራፋ የምንሰማው እኛ ነን።»

እናትና ልጅ የሟቹን ዕቃ ሊወስዱ የመጡት ከምሳ በኋላ ነው። ልጅቱ የሰዎቹን ከንፈር ሳይሆን እጃቸውን ታያለች፤ የሁሉም እጅ ዝም ብሏል። መርማሪዋ ጎንበስ ብለው ጠየቋት፣ እናቷ በእጇ አስተላለፈች።

«የመጨረሻ ቀን አባትሽ ምን አለሽ?»

«ክፍሌ ዓሣ ዓሣ ይላል አለኝ። ሽታው በስልኩ ይደርስሻል ወይ ብሎ ቀለደብኝ።»

«ምስሉ ይቆም ነበር?»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። እናትየዋ ተረጎመች። «በፊት ይቆም ነበር። አሁን ግን ጥርት ያለ ነው። ጣቶቹን ሁሉ አያቸው ነበር ትላለች።»

መርማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ወለወሉት። እንባቸውን የሚደብቁት እንዲህ ነው።

አስር ሰዓት ገደማ ሁሉም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ካፒቴኑ፣ ምክትሉ፣ ኤሌክትሪሻኑና ጨዌ በአንድ ወገን፣ እናትና ልጅ በሌላው ተቀመጡ። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ጨዌ እጆቹን ለካቴና እንደሚያዘጋጅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል።

«እጅህን አንሳ፣ ወንድሜ» አሉት መርማሪዋ። «አንተ የገደልከው ሰው የለም።»

ጨዌ ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ።

«መርከቡ ላይ ዓሣ የለም፤ ሽታው ግን ነበር። እዚህ እንዲህ ሊሸት የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የነቀዙ መድኃኒት ጋዝ። ከዚህ በፊት በሁለት መርከብ ላይ ገጥሞኛል። ታዲያ በየት ገባ? ሟቹ ስልክ አጥፉልኝ ማለቱን ለምን ተወ? ምስሉ ለምን ጠራ? ክፍሉ ውስጥ ማሠራጫ ስለተገጠመለት ነው። አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች የማሠራጫው ናቸው። ከወንበሩ ትይዩ ያሉት ሁለቱ ደግሞ የስልክ መያዣ ናቸው፤ በሁለት እጁ የሚያወራ ሰው ስልክ በምኑ ይይዛል? ሽቦውን ያስገባው ሰው ድፍኑን ከፈተ፤ መልሶም በደንብ አልደፈነውም። ጋዙ በዚያ ገባ።»

«መሣሪያው ግን ዜሮ ነው የሚለው» አለ ካፒቴኑ።

«ዛሬ ዜሮ ነው፤ ቀዳዳው ተደፍኗላ። መድፈኛው ለመድረቅ ሳምንት ይፈልጋል፤ የዚያ ክፍል ግን ዛሬም በጥፍር ይወጋል። የተደፈነው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ክፍሉም ከተቆለፈ በኋላ ነው። ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው ኪስ ነው።»

ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ። እናትየዋ ለልጇ እየተረጎመች ነበር፤ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ።

«ቁልፍ ሊሰረቅ ይችላል» አለ ምክትሉ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«ይችላል። መዝገቡ ግን በእጅህ ነው የተጻፈው። በሞተበት ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ የሱ ክፍል ዜሮ ይላል። በዚያ ሰዓት ሰውየው ጋዙን እየተነፈሰ ነበር። ገብተህ ብትለካ መሣሪያው ይጮህ ነበር። አልገባህም። ያልገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ በሩን ክፍት የሚያደርግ ሰው ያን ቀን ለምን ዘጋው? ክፍት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ራስ ምታት ብቻ ይሆን ነበር።»

እናትየዋ ይህንን በዝግታ ተረጎመችው። ልጅቱ ከወንበሯ ተነሣች። እጆቿ በፍጥነት ተንቀሳቀሱ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ያንኑ ደግማ። እናትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን አለች?» ጠየቁ መርማሪዋ።

እናትየዋ መናገር አልቻለችም። ሌላ ያንን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«‹በሩን ዝጋው ያልኩት እኔ ነኝ› ነው ያለችው» አለ ምክትሉ። «‹የኮሪደሩ መብራት ከኋላህ ሆኖ እጅህ ይጠቁርብኛል አልኩት። እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?› ትላለች።»

ምክትሉ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና ልጅቱ ፊት ተንበረከከ። በእጆቹ ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቋረጠ። እናትየዋ ዓይኗን ከእጆቹ ላይ ሳትነቅል ለሌሎቹ መተርጎም ጀመረች።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ሽቦውን የሳብኩት እኔ ነኝ፤ የጭነት ክፍሉ ያኔ ባዶ ነበር። ለጨዌ ክፍልም ሁለተኛ ሽቦ ልስብ አስቤ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌ ተውኩት። ስንዴው ሲጫን ረሳሁት። ጠዋት ጠዋት ስለካ በሩ ክፍት ስለነበር ምንም አላሳየኝም። አስር ሰዓት ላይ ግን አልገባም ነበር፤ ከአንቺ ጋር ሲያወራ ላቋርጣችሁ አልፈለግኩም። ውጭ ቆሜ ዜሮ እጽፋለሁ። ሲሞት ሽታውን እንዳሸተትኩ ገባኝ። ፈራሁ። ማሠራጫውንና የስልክ መያዣውን ነቅዬ ባሕር ጣልኳቸው፣ ቀዳዳውንም ደፈንኩት። ጨዌን ሲይዙት ዝም አልኩ።»

ልጅቱ አንዲት አጭር ነገር ጠየቀችው።

«‹እውነትህን ነው?› ትላለች» አለች እናትየዋ።

«እውነቴን ነው። አንቺ የፈለግሽው እጁን ማየት ነው። ምንም አላጠፋሽም።»

ልጅቱ አጎቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዓይኖቿን ጨፈነች። የማትሰማ ልጅ ዓይኗን ከጨፈነች የሚነግራት የለም። እሱ ግን አላቆመም፤ እንደተንበረከከ እጆቹ ያንኑ አንድ ቃል ደጋግመው ይቅርታ፣ ይቅርታ ይላሉ። ፖሊሱ ሊጠጋው ሲል መርማሪዋ በእጃቸው አስቆሙት።

እናትየዋ በመጨረሻ ጎንበስ ብላ የወንድሟን እጆች ያዘች።

«ተው፣ ጋሼ» አለችው። «አሁን አታይህም።»