ወንድሜ ሳይድን የተጻፈው ምስክርነት

ይህ የሆነው በራሴ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም።

ማመን የማይፈልግ አይመን። እንዲያውም ይጠይቀኝ... ማን ነሽ፣ መቼ ነው፣ ሌላ ማን አየ ይበለኝ። ደስ ነው የሚለኝ።

ወንጌል እባላለሁ። ጊዜው 2008 ዓ.ም.፣ የጥቅምት መጨረሻ ነው። ቦታው ገንዳ ውሃ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ባጃጅ ሥር ገብቶ የሚተኛበት ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

ያኔ ጎንደር የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ለማስተማር ልምምድ ገንዳ ውሃ ተመድቤ አጎቴ ጋሼ ጀምበሩ ቤት ተቀምጫለሁ። ታላቅ ወንድሜ ንብረትም እዚያው ነበር። አብደራፊ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ የመጣው ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነው።

ሆስፒታል ወሰድነው። ካላዛር ነው አሉን፣ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው የቆላ በሽታ። አስተኙትና መርፌ ሊጀምሩለት ቀጠሩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሼ ደወሉልኝ።

«ንብረትን ከሆስፒታል አውጥቸዋለሁ።»

«ምን ሁኖ?»

«መርፌው ልብ ያቆማል። ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል። ያለ መርፌ የሚያድኑ ሰዎች አሉ። መኪና ልከውልናል፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ይወስዱታል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ኧረ ተይ ወንጌል... ተጽፏል እልሻለሁ!»

የድረ ገጹን ስም ተቀብዬ ወደ አብዱረሕማን ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ።

ኮሌጅ ውስጥ የአይሲቲ አስተማሪያችን መምህርት መነን ነበሩ። «ድረ ገጽ ማለት በራችሁን ያንኳኳ የማታውቁት እንግዳ ነው» ይሉን ነበር። «ሳትጠይቁ አታስገቡ። ማን ጻፈህ? መቼ? ሌላ ማን ያውቃል? ከእኔስ ምን ትፈልጋለህ? ነገ ተማሪ ፊት ትቆማላችሁ። እናንተ ያመናችሁትን ልጆቹ ቤታቸው ይዘውት ይገባሉ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለፈተና ብዬ ነበር ያጠናሁት።

ገጹ ተከፈተ። «የቆላ ፈውስ» ይላል። ያምራል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ይስቃል... ስም ግን የለውም።

«ስለ እኛ» የሚለውን ነካሁት። ባዶ ነጭ ገጽ መጣ።

«የዳኑ ሰዎች» የሚለውን ነካሁ።

ሰዎች አንድ በአንድ ቆመዋል። ሁሉም አንድ ዛፍ ሥር ናቸው። ግንዱ የጎጆ ያህል የወፈረ አሮጌ ዛፍ። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። ከየፎቶው ሥር ስምና ቀን አለ።

ወረድኩ... ወረድኩ...

እጄ ቆመ።

ቢጫ ሸሚዝ። የደረት ኪሱ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ። ቢጫ ክር አጥቼ በአረንጓዴ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ንብረት ነው። ሆዱ ጎድሏል፣ ጉንጩ ሞልቷል። ይስቃል።

«ያለ መርፌ ድኛለሁ» ይላል ከሥሩ። ቀኑ ኅዳር ሃያ።

ገና ጥቅምት አላለቀም።

ባለቤቱ አብዱረሕማን ከጀርባዬ መጥቶ ቆሟል።

«ምን ሁነሽ ነው?»

ጣቱን ወደ ሌላ ፎቶ ዘረጋ።

«ይሄን... አውቀዋለሁ።»

«ማን ነው?»

«ቢሻው። ትራክተር ነጂው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነሐሴ ላይ ነው የቀበርነው።»

ፎቶው ሥር ያለው ቀን የዘንድሮ መስከረም ነው፣ ከተቀበረ በኋላ።

«ዝጊው» አለኝ በሹክሹክታ። «በአላህ ዝጊው።»

«አልዘጋውም።»

ፈርቼ ነበር። ግን ከፍርሃቴ በላይ ንዴቴ በለጠ። ማን ነው የወንድሜን ፊት ያለ ወንድሜ ፈቃድ የሚያስቀው?

የቢሻው ሚስት ፈንቴ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች ብሎ አብዱረሕማን ነገረኝ። እሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከራሷ መስማት ነበረብኝ። ሄድኩ።

«እትዬ ፈንቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ባለቤትዎ እንዴት ነው ያረፉት?»

የምታጥበው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ወንድሜን ሊወስዱት ነው።»

ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ካላዛር ነበረበት። እናድነዋለን ብለው በመኪና ወሰዱት። አንድ ጠዋት በር ስከፍት... ደጄ ላይ ተኝቷል። ሞቷል። ያመጣውን ያየ ሰው የለም።»

«መኪናው ምን ዓይነት ነበር?»

«ነጭ» አለች። «አቧራ የማይነካው ነጭ።»

ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። ዐሥር ሰዓት ገና ነው።

መኪናው ግን ደርሷል።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የኛን ሰፈር መኪና ብታዩት ቀለሙ አይለይም፣ ሁሉም አፈር ለብሶ ነው የሚገባው። ይሄ አሁን የታጠበ ይመስላል። ጎማው እንኳ ንጹሕ ነው።

እጄን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፍኩ።

በዚያ ፀሐይ... እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል።

ንብረት ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ጋሼ ቢጫ ሸሚዙን አልብሰውታል። በሩ አጠገብ ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል። ግንባሩ ላይ አንድ ጠብታ ላብ የለም።

«እህቱ ነሽ?» አለኝ። ይስቃል።

«አንተ ማን ነህ?»

«ተልኬ ነው።»

«የላከህ ሰው ስም የለውም?»

«ኧረ ወንጌል፣ እንግዳ እኮ ነው...» አሉ ጋሼ።

«ይቆዩኝ ጋሼ። የወንድሜን ፎቶ አይቻለሁ። ድኛለሁ የሚለውን ማን ጻፈው?»

«እሱ ራሱ» አለ ሰውየው።

«መቼ?»

«ሲደርስ።»

የጋሼ ከንፈር ደረቀ። አየሁት።

«ሰሙ ጋሼ? ገና ያልሄደ ሰው ጽፏል ይለኛል።» ወደ ሰውየው ዞርኩ። «ቢሻውም ራሱ ነው የጻፈው?»

«ሁሉም ይጽፋሉ» አለ። ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ሚስቱ እንደዚያ አላለችም።»

ሳቁ ቆመ። ፊቱ ላይ ከሳቁ በቀር ሌላ ነገር ያልነበረበት ይመስል... ባዶ ሆነ።

«ከወንድሜ ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

ዓይኑን ሳያርገበግብ ያየኛል።

«መልስ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ወጣ። «ጠየቅኩህ እኮ! መልስ እንጂ!»

በሩን ከፍቼ ንብረትን በብብቱ ያዝኩት። ሳብኩ።

አልመጣም።

የሆነ ነገር ከወዲያ በኩል እግሩን ይዞ ይስባል። ከወዲያ በኩል ሰው የለም። የወዲያኛው በርም ዝግ ነው።

«ጋሼ!»

ጋሼ ጀምበሩ ደረሱልኝ። ወገቡን አቅፈው ሳቡ። ያን ጊዜ ባዶውን ወንበር እያዩ «ልቀቀው!» ብለው አንባረቁ። ማንን እንዳዩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሦስታችንም መሬት ላይ ወደቅን። ቀና ስል መኪናው መታጠፊያው ላይ ደርሷል። ሞተሩ ሲነሣ አልሰማሁም። ከኋላው አቧራ አልተነሣም።

የንብረት አንድ ጫማ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ዕለቱን ወደ ሆስፒታል መለስነው። መርፌው ተጀመረ። ያማል። ንብረት ጥርሱን ነክሶ ያለቅሳል። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያፍተለትላሉ።

«የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

«እኔም ያወቅኩት ተምሬ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

በማግስቱ ገጹን ከፈትኩት። የንብረት ፎቶ የለም። የሌሎቹ አለ።

የዚያን ቀን ክፍል ገብቼ የድረ ገጹን ስም በጠመኔ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። የሆነውንም ነገርኳቸው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠርተው «ምን ነካሽ? ልጆቹ ይፈራሉ» አሉኝ።

«ይፍሩ» አልኩ። «ፈርተው ይጠይቁ።»

በሚቀጥለውም ቀን ጻፍኩት። ልምምዴ እስኪያልቅ የምገባበት ክፍል ሁሉ ስሙን ጻፍኩ። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ስሙ እንዲታወቅ ፈልጌ ነበር። ከመንደሩም ሁለት በሽተኞችን ልጆቻቸው ጎትተው ሆስፒታል አመጧቸው።

ንብረት ዳነ። በመርፌ ነው የዳነው።

ታኅሣሥ ላይ ሁለታችን ወደ ጎንደር አውቶቡስ ተሳፈርን። እኩለ ቀን ነው። በመስኮት ስመለከት... ከመንገዱ ዳር ያ የፎቶዎቹ ዛፍ ቆሟል።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ እያጉረመረመ አቆመ። «አትውረጂ» አለኝ ንብረት። ወረድኩ።

ዛፉ ሥር ማንም የለም። ወፍ እንኳ የለም።

አፈሩ ላይ ግን ዱካ አለ። የባዶ እግር ዱካ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ጎን ለጎን፣ በሰልፍ። ጣቶቹ ሁሉ ወደ መንገዱ፣ ወደ እኛ የዞሩ። ወደዚያ የመጣ ዱካ የለም። ከዚያም የሄደ የለም።

መሃል ላይ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው።

ልሮጥ ነበር። አልሮጥኩም። በጫማዬ ከዳር እስከ ዳር ሁሉንም ደመሰስኩት። አፈሩ ለጥ እስኪል ደመሰስኩት።

«አታገኙትም!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

«ወንጌል፣ ነይ!» ንብረት በሩ ላይ ቆሞ ይጠራኛል።

አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አሳርፌ ዞር አልኩ።

ዱካዎቹ ተመልሰዋል። ሁሉም በየቦታቸው።

አሁን ግን ተረከዛቸው ነው ወደ እኛ... ጣቶቻቸው ወደ ግንዱ ዞረዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውናል።