በቀብር ላይ የተጠየቀ አማና

«ሟች ላይ ሐቅ ያለው፣ እጃቸው ላይ አማና፣ አደራ ያስቀመጠ ሰው ካለ አሁን ይናገር።»

ሼህ ዑበይዳ ይህን ያሉት የመጨረሻው አፈር ከተመለሰ በኋላ ነው። በመካነ ሰላም ሙስሊም ሲቀበር ሁልጊዜ ይጠየቃል። ሁልጊዜም ዝም ይባላል። ከዚያ ዱዓ ተደርጎ ሰው ወደ ለቅሶ ቤት ይመለሳል።

ቀጋ እጁን አነሳ።

«እኔ አለኝ።»

ሦስት መቶ ራስ ዞረ።

ቀጋ የምስጢር ስሙ ነው። ለጀማው ግን ቢያድግልኝ ነው፤ የአጅባር ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አርባን የተሻገረ፣ ሰው ሁለቴ ዞሮ የማያየው ዓይነት። እውነተኛ ስሙን ከእናቱና ከአንድ የተቆለፈ ካዝና በቀር የሚያውቀው የለም።

«ምንድን ነው አማናህ?» ሼሁ ጠየቁ።

«ሬዲዮ። ቤታቸው ያለው ትልቁ ሬዲዮ። ከሦስት ዓመት በፊት ያስቀመጥኩት ነው።»

ማጉረምረም ተነሳ። መምህር አብዱሰላም ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ፈቃድ አውጥተው፣ በግቢያቸው ባሕር ዛፎች መሐል ሽቦ ዘርግተው፣ በዓለም ዙሪያ ካሉ መሰሎቻቸው ጋር በሬዲዮ ያወሩ ነበር። ከተማው «የመምህሩ እብደት» ይለዋል፤ ወዶ ነው እንጂ ጠልቶ አይደለም። አሁን ያ ሬዲዮ የእሳቸው አልነበረም ሊባል ነው። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አማና የያዘ ሰው ለቤተሰቡ ሳይናገር፣ በኑዛዜው ሳያሰፍር አይሞትም። ካልደበቀ በቀር።

ቀጋ ይህን ያውቃል። አውቆ ነው የገባበት።

ከዓመት በፊት መምህሩ ሞገድ ሲያስሱ ከዓባይ በረሃ ጦር መሣሪያ የሚያሻግሩ ነጋዴዎች ሲነጋገሩ ሰሙ። ዝም አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰሙትን በቀጋ በኩል እሱ ለሚሠራበት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ያደርሱ ነበር። የነጋዴዎቹ ሞገዶች በሙሉ ሬዲዮው ውስጥ ተቀምጠዋል። ትናንት ከሰዓት ልባቸው ቆመ። ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬኑ ገና ሳይወጣ፣ ከደሴ መጣሁ የሚል አንድ ሰው ለቅሶ ቤት ደርሶ ሬዲዮው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። እንዲህ ዓይነት ዓይን አውጣ ደንበኛ ለመልካም አይመጣም።

ውርስ ሲከፈል ሬዲዮው ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። አማና ግን ከውርስ በፊት ይወጣል። የጎተራ ትእዛዝም አጭር ነበር። ጎተራ ማለት ዋናው ቢሮ ነው። «ሬዲዮውን አውጣ። ቤተሰቡ ምንም አይወቅ።»

ጎተራም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። መምህሩ ከመሞታቸው ሳምንት በፊት ለቀጋ ብቻ ጽፈው ነበር። «የምሰማው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሐኪም ቤት በተኛሁበት ወር ሰምታ የጻፈችው ልጄ ጁማና ናት፤ ለማን እንደማደርሰው ግን አታውቅም። ሙሉ ደብተሩ በእሷ እጅ ጽሕፈት ነው። እኔ ብሞት እነዚያ ሰዎች እጅ እንዳይገባ። ይገድሏታል።»

ቀጋ ደብዳቤውን አቃጠለ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«ምስክርስ አለህ?» አሉ ሼሁ።

«እኔ አለሁ» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። ንጉሡ ነው፤ የሚኒባስ ሾፌር። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ደግሞ የመካነ ሰላሙ ሰው፣ ሰንበሌጥ። «ከደሴ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሲያስረክባቸው ቆሜ አይቻለሁ።»

ሼሁ ጢማቸውን ዳበሱ። «አንድ ምስክር ነው። የጎደለውን መሐላ ይሞላዋል። ክርስቲያን ነህ፤ በአምላክህ ማል። ትኩስ መቃብር ፊት እንደሆንክ ግን አትርሳ።»

ቀጋ ማለ።

በሥራው ብዙ ዋሽቷል። መቃብር ፊት በውሸት ሲምል ግን የመጀመሪያው ነው።

ሴቶቹ ቀብር ስለማይወጡ ወሬው ቀድሞት ቤት ደርሶ ነበር። የሟች ሚስት ወይዘሮ ኑርጃን ከተቀመጡበት ፍራሽ ቀና ብለው አዩት።

«አብዱሰላም አልነገረኝም» አሉ። «ስንቱን ዓመት ስንኖር የደበቀኝ ነገር አልነበረም። አማና ካልክ ግን ውሰድ ልጄ። የሰው ሐቅ ይዞ ቀብሩ ውስጥ እንዳይጠየቅብኝ። ኸይር ያድርግልህ።»

ምርቃቱ ከስድብ በላይ ከበደው።

ጁማና በሬዲዮው ክፍል ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለች በየጫፋቸው ወረቀት ትለጥፋለች።

«ይሄ የባትሪው ነው። ይሄ የአንቴናው። አንቴና ሳይሰኩ ማይኩን እንዳይጫኑት፤ ሬዲዮው ይቃጠላል።» ቀና አለች። «የራስዎ ከሆነማ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ መጥተው አላዩትም?»

«ሥራ አልለቀቀኝም።»

«አባቴ አማና አይደብቅም ነበር። ወላሂ! የጎረቤት መዶሻ እንኳ እኛ ቤት አያድርም።»

ቀጋ አፈረ። እውነቱን ቢነግራት በወደደ። መንገር ግን እሷን ይበልጥ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ደብተሩ መደርደሪያው ላይ ነበር። ሰማያዊ ሽፋን አለው።

«እሱም አብሮ ይሁን» አለ፣ እንደ ዋዛ።

«ደብተሩ የአባቴና የኔ ነው። ጃፓን ያለ ሰው፣ ብራዚል ያለ ሰው ያገኘንበት ቀን ሁሉ አለበት። እሱም አማና ነው?»

«አይደለም።»

ሬዲዮውን በአባቷ ሽርጥ ጠቀለለችው። ቀስ ብላ፣ ጠርዙን እያስተካከለች። ከዚያ ማሰሪያ ልታመጣ ወጣች።

አሥር ሰከንድ።

ደብተሩ ከጃኬቱ ሥር ገባ።

ንጉሡ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር። ሌላ ተሳፋሪ የለም። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሬዲዮውን ደሴ አድርሰው ለጎተራ ሰው ያስረክባሉ። ቀጋ ከፊት ተቀመጠ፤ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አደረገ። ከተማውን ለቀው የገብስ ማሳዎቹ መሐል ገቡ።

«አማማልህ ጥሩ ነበር» ንጉሡ ሳቀ። «ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እኔው ራሴ ላምንህ ምንም አልቀረኝ።»

«መንገዱን እይ።»

«ደብተሩስ?»

ቀጋ አልተንቀሳቀሰም።

ደብተር እንዳለ ለጎተራ አልነገረም። ለንጉሡም አልነገረም።

«የምን ደብተር?»

«መምህሩ ሐኪም ቤት በተኛበት ወር መረጃው አልተቋረጠም። ያን ጊዜ አንተ የምታመጣውን ወደ ደሴ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ አትርሳ። ሌላ ሰሚ ነበረ ማለት ነው። የሰማ ደግሞ ጽፏል። ሰዎቹ ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። በእጅ ጽሕፈቱ ይታወቃል።»

«ሰዎቹ?»

«አትድረቅ እንግዲህ። ሬዲዮውንም ደብተሩንም ስጥና ውረድ። አንተን ማንም አይነካህም።»

ግራ እጁ መሪው ላይ ነው። ቀኙ ሽጉጥ ይዟል።

ፊት ለፊት፣ መንገዱ ሲጠመዘዝ፣ አንድ ሞተር ብስክሌት መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። አጠገቡ ሁለት ሰዎች።

ቀጋ በፍጥነት አሰበ። የራሱ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ነው። ምናልባት ይተርፍ ይሆናል። ምናልባት ሦስቱንም ይጥላቸዋል። ጥያቄው ግን አይሞትም። ሌላው ሰሚ ማነው? ነገ ሌሎች ይመጣሉ። የመምህሩን በር ያንኳኳሉ። እዚያ ቤት ሬዲዮ የምታውቅ አንዲት ልጅ ብቻ አለች።

ጥያቄው መልስ ማግኘት ነበረበት።

«ሌላው ሰሚ እኔ ነኝ» አለ።

«አትቀልድ።»

«ሬዲዮው የማን ነው ታዲያ? ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መቃብር ላይ ቆሜ በውሸት የምምል ይመስልሃል? ሬዲዮውን ያስቀመጥኩት እኔ። ሲታመሙ ተደብቄ እየመጣሁ የሰማሁትም እኔ። ጎተራ ውሸት ነው ብሎ ያስመሰከረህ ስለማያምንህ ነው። ይኸው አልተሳሳተም።»

ንጉሡ ለአፍታ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን አነሳ። አፉ ተከፈተ።

አመነ።

ቀጋ መሪውን ጠመዘዘ።

ሚኒባሱ ቦይ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተጋደመ። መስታወት ረገፈ። ቀጋ ሬዲዮውን አቅፎ በተሰበረው የፊት መስታወት ወጣ። ሮጠ። ገብሱ ጉልበቱ ጋ ይደርሳል።

ተኩስ።

ግራ ክንዱን አንድ ነገር መታው። እርከን ሥር ወደቀ። ሬዲዮው ደረቱ ላይ ነው፤ አልለቀቀውም። ሽጉጡን አውጥቶ ዞረ።

ንጉሡ ግንባሩ እየደማ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ባለ ሞተሮች ወደ ንጉሡ እየሮጡ ነው። በዚያው ጊዜ ከቀብር የሚመለሱ የገጠር ሰዎች፣ ገሚሱ በበቅሎ ገሚሱ በእግር፣ ከከተማው በኩል ብቅ አሉ።

«ማነው የሚተኩሰው?» ብለው ጮኹ። «በቀብር ቀን! ኧረ ያዘው!»

«እሱ ነው!» ንጉሡ ለጓደኞቹ ሲጮህ ተሰማ። «ሰሚው እሱ ራሱ ነው! እንሂድ!»

ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሞተሩ ሮጠ። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

የቀጋ ጣት ቃታው ላይ አረፈ። ይህ ሰው ሸጦታል። ክንዱ እየደማ ነው። መተኮስ አማረው፤ በጣም አማረው።

አልተኮሰም።

ንጉሡ በሕይወት ደርሶ ማውራት አለበት። ወሬው ካልደረሰ ውሸቱ ለጁማና ምን ይጠቅማታል?

ሞተሩ አቧራ አስነስቶ ጠፋ። ቀጋ ሰዎቹ ሳይደርሱበት በእርከኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ሄደ። ራቅ ብሎ በሽርጡ ክንዱን አሰረ። ከሰዓት በኋላ እህል የጫነ አይሱዙ አስቁሞ «ከበቅሎ ወድቄ ነው» አለ። ሾፌሩ አላመነም፤ ግን ጫነው።

በማግሥቱ ደጎሎ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ በር ዘጋ። አዲስ ደብተር ገዝቶ ነበር። የነጋዴዎቹን ሞገድ፣ ሰዓትና ንግግር ከጁማና ደብተር ወደ አዲሱ በገዛ እጁ ገለበጠ። ከንጉሡ ሌላ በጎተራ ውስጥ ስንት ሰንበሌጥ እንዳለ አያውቅም። ዋናው ደብተር የትም መድረስ የለበትም።

በገጾቹ መሐል ሌላም ነገር ነበር። «ዛሬ ብራዚል! አባ ከደስታ ብዛት ሻዩን አፈሰሰው።» «ዛሬ ማንም አልመለሰልን። አባ ‹ነገ አለ› አለኝ።» ቀጋ እነዚህን ደጋግሞ አነበበ። ቀዶ ሊያስቀራቸው ፈለገ። ግን ያው ጽሕፈት ነው። ያው የተጠማዘዘ «ለ»፣ ያው ወደ ግራ ያዘመመ ቁጥር።

ደብተሩን ምድጃ ውስጥ አቃጠለው። አለቀሰ። «ጭሱ ነው» ብሎ የሚያመካኝለት ሰው እንኳ አጠገቡ አልነበረም።

የጎተራ ሰው ከሰዓት በገበያው መሐል መጣ፤ እህል ሸማች መስሎ። ሬዲዮውን በጆንያ ውስጥ ተረከበ። አዲሱን ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«በማን ጽሕፈት ነው?»

«በኔ።»

«የሰማኸውም አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ሰውየው ደብተሩን ዘግቶ ጆንያው ውስጥ ከተተው። ከዚያ በላይ አልጠየቀም። «በዚህ አገር ከእንግዲህ አትታይም። የአጅባሩ ሱቅህ ተዘግቷል። ቢያድግልኝ የሚባል ሰው የለም።»

«የመምህሩ ስም ጠፍቷል» አለ ቀጋ። «ሰዉ አማና ደበቁ እያለ ነው። ነገሩ ሲያልቅ ለሼሁ ብቻ እንኳ ቢነገራቸው...»

«ሬዲዮው የመምህሩ ነበር ያልን ቀን፣ ሰሚው አንተ እንዳልነበርክ ይታወቃል። ከዚያ የሚንኳኳው የማን በር ነው?»

ቀጋ ማሳረጊያ የሌለው ውሸት ነው የዋሸው።

ከአራት ወር በኋላ፣ ከወሎ በጣም በራቀ ከተማ፣ ምስማርና ቆርቆሮ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

«አሥራ አንድ ሰው ተይዟል» አለ የጎተራ ድምፅ። «ሰንበሌጥም አለበት። ሬዲዮው ነው ያስያዛቸው። ያመለጡት ግን ሰሚውን አሁንም እየፈለጉ ነው። አንተን ማለቴ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። ማንም ዘንድ ስሟ አልተነሳም።»

«ምን ትላለች?»

«በአባቷ ሰደቃ ላይ ጀማው መሐል ተነስታ፣ ቢያድግልኝ የሚባለው ሌባ ነው፣ አባቴ አማና አልደበቀም ብላ ጮኸች። ሰዉ ሐዘን ነው ብሎ አለፋት። እሷ ግን በየጁምዓው ዱዓ ታደርግብሃለች። ትረግምሃለች።»

ቀጋ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ትክክል ናት። ከከተማው ሁሉ ትክክሏ እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ሊነግራት የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ትርገመኝ» አለ። «በሕይወት ትኑር እንጂ ትርገመኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ጋሽ ቸኮል!» አለ አንድ ደንበኛ ከበሩ። «ኧረ ጋሽ ቸኮል፣ ባለ ስድስት ምስማር የለም ወይ?»

ሁለቴ ከተጠራ በኋላ ነው አዲሱ ስሙ መሆኑ ትዝ ያለው። ተነስቶ ምስማሩን መዘነ።