ቅንጣት እና የተወጠረው ካባ

ልጆች፣ እስኪ ጎንበስ በሉና አፈሩን እዩ። ባቄላ ከተተከለበት ቦታ፣ ከአፈሩ ሥር፣ ቅንጣት የምትባል ባክቴሪያ ትኖር ነበር።

ቅንጣት በጣም፣ በጣም ትንሽ ናት። ጉንዳን አጠገቧ ብትቆም ተራራ ታክላለች።

እግር የላትም። ዓይንም የላትም። ግን ቀጭን ጅራት አላት፤ ደግሞም ካባ አላት።

ካባዋ ድርብርብ ነው። ከውጭ ስስ ሽፋን፣ ከውስጥ ስስ ሽፋን፣ መካከሉ ላይ ጠንካራ መረብ።

ካባው ውስጥ አባ ንቁ የሚባሉ ጠባቂ ይኖራሉ። የአባ ንቁ ሥራ ካባውን መጠበቅ ነው።

አንድ ቀን ደስ የሚል ሽታ መጣ።

«ኑ፣ ልጆቼ!» ብለው ተጣሩ እማማ ባቄላ። «ቅጠሌ ቢጫ ሆነብኝ። ምግብ የሚሠራልኝ አጣሁ። ለመጣ ሁሉ ቤትም፣ ጣፋጭም አለኝ።»

«እኔ እሄዳለሁ!» አለች ቅንጣት።

«እኔም!» አለች እህቷ ብናኝ።

ጅራታቸውን አሽከረከሩ። ውር! ውር! ውር! በአፈሩ መካከል ባለው ቀጭን ውሃ ዋኙ።

ከላይ ዝናብ ጀመረ። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ወዲያው ዶፍ ሆነ።

ውሃው ወደ ቅንጣት ውስጥ ገባ። ሆዷ ተነፋ። ካባዋ ተወጠረ። ክርርር!

«ቁሚ፣ ቅንጣት! ካባሽ ሳስቷል!» አሉ አባ ንቁ።

«ይቆዩ፣ አባ ንቁ! ቤቱ ይሞላብኛል!» ውር! ውር! ውር!

ክርርርርር!

«ቁሚ፣ ቅንጣት! ካባሽ ሳስቷል!»

«ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አባ ንቁ!» ውር! ውር! ው—

ጧ!

ካባው ተቀደደ። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ግን ከውስጧ ያለው ፈሳሽ ይወጣ ጀመር።

ቅንጣት ፈራች። አቅም አነሳት። «ብናኝ! እየፈሰስኩ ነው!»

ብናኝ ከኋላ ነበረች። የእሷ ካባ መወጠር ሲጀምር ወዲያው ቆማ ነበር።

«ጅራትሽን አቁሚ፣ እህቴ!» አለቻት። «ጉልበትሽን ሁሉ ለካባሽ ስጪው!»

ቅንጣት ጅራቷን አቆመች። «አባ ንቁ፣ ምን ላድርግ?»

«ቁሚልኝ ብቻ» አሉ አባ ንቁ። አልተቆጡም። ጊዜም አልነበራቸውም።

ወደ ውስጥ መልእክት ላኩ። «ካባው ተቀዷል! ካባው ተቀዷል!»

ቅንጣት ውስጥ፣ መካከሏ ላይ፣ ረጅም የተጠቀለለ ክር አለ። ምኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሁሉም ክሩ ላይ ተጽፏል።

መልእክቱ ሲደርስ ክሩ ተፈታ፣ ተፈታ፣ ተፈታ... ካባ እንዴት እንደሚጠገን የተጻፈበት ቦታ ተገኘ።

የካባው የውሃ በሮች ተከፈቱ። ፍስስስስ! ትርፉ ውሃ ወጣ። የቅንጣት ሆድ ጎደለ።

ካባ የሚሰፉ ትንንሽ ሠራተኞችም መጡ። ስፉ! ስፉ! ስፉ! የተበጠሰውን መረብ ቋጠሩት።

ስፉ! ስፉ! ስፉ! ሽፋኑን ለጠፉት። የተበላሸውን ቁራጭ ጠርገው ጣሉት።

ሌሎች ባክቴሪያዎች በአጠገቧ አለፉ። ውር! ውር! ቅንጣት መሄድ አማራት። ግን አልተነቃነቀችም።

«አለቀ ወይ?»

«አላለቀም» አሉ አባ ንቁ። ስፉ! ስፉ! ስፉ!

«አሁንስ?»

አባ ንቁ ካባውን ዳሰሱት። ከዚህ ጫፍ ዳሰሱ፤ ከዚያ ጫፍ ዳሰሱ። «አሁን አለቀ።»

ቅንጣትና ብናኝ ቀስ ብለው ዋኙ። እማማ ባቄላ ሥር ሲደርሱ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

«እማማ፣ ዘገየን?» አለች ቅንጣት። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«ካባችሁ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ እማማ ባቄላ።

«የኔ ተቀዶ ነበር። ቆሜ አሰፋሁት።»

«ደግ አደረግሽ። ውስጡ ትንሽ ይኮመጥጣል። የተቀደደ ካባ ይዞ የገባ አይችለውም። በሉ ግቡ፣ ልጆቼ። ቦታ አለ።»

ገቡ። ቤቱ ክብ ነው፤ ውስጡም ሮዝ ነው።

እማማ ባቄላ ጣፋጭ ሰጧቸው። እነሱም ለእማማ ባቄላ ምግብ ሠሩ። ቀን አልፎ ቀን ሲመጣ፣ ቢጫው ቅጠል አረንጓዴ ሆነ።

«እንቅልፌ መጣ» አለች ቅንጣት።

«ነይ፣ ጠጋ በይኝ» አለች ብናኝ።

ቅንጣት ጠጋ አለች። ካባ ለካባ ተነካክተው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።