አባባ ቀን የሚተኙበት ወራት

ሙቀቱ ሲገባ መጀመሪያ ከቤታችን የሚወጣው በርበሬ ነበር። አባባ አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ሐኪም ስለነበሩ ከወቅቱ ጋር የቤቱ ሕግም ይለወጣል። ኮምጣጣ ነገር ይቀርና ያልኮመጠጠ አሬራ፣ የገብስ ገንፎ፣ ውሃ ውስጥ የቆየ ማንጎ ይተካል። እንስራው ውስጥ መዓዛ ያለው የሣር ሥር ይዘፈዘፋል።

የማልረሳው ግን እንቅልፉን ነው። ዓመቱን ሙሉ «ቀን መተኛት በሽታ ይጠራል» የሚሉት አባባ፣ በእነዚያ ሁለት የሙቀት ወራት ብቻ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላሉ። ዝናብ ሲጥል ያቆማሉ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። እናቴ ስለሞተች ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አባባ እንደተኙ፣ አንድ ወጣት ብስክሌቱን በራችን ላይ አቆመ። ከኋላው በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ጭኗል።

«እህቴ፣ ውሃ ታጠጪኛለሽ?»

«በረዶ ጭነህ ውሃ ትለምናለህ?»

«በረዶው የሰው ነው። የኔ ጥማቱ ብቻ ነው።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ውሃውን ግን አልሰጠሁትም፤ ከፀሐይ የገባ ሰው ላቡ ሳይደርቅ አይጠጣም። ጥላው ሥር አስቀምጬ መጀመሪያ ጥሬ የሸንኮራ ስኳር ቆርሼ ሰጠሁት።

«ውሃ ብለምንሽ በጣፋጭ እንደሚቀበሉት ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ!»

«ዝም ብለህ ላብህን አድርቅ።»

«ላቤ እስኪደርቅ በረዶው ያልቃል።»

ግን አልተነሣም። ጆንያው ጠብ ጠብ ሲል ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። እኔን ነበር የሚያየው።

ዲጋምባር ይባላል። ከወንዙ ማዶ በረዶ እያመጣ ለሻይ ቤቶች ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በአባባ የእንቅልፍ ሰዓት ይመጣ ጀመር። እኔ ያኔም ክፉውን ቀድሜ የማይ ነበርኩ። ጎረቤት ያየናል፣ ፀሐይ መትታው ድልድዩ ላይ ይወድቃል እላለሁ። አባባ ሲያስሉ ነቁ ብዬ ብድግ እላለሁ።

በአባባ ዘንድ በረዶ ጠላት ነው። «በሙቀት ምግብ የምትፈጨው የሆድ እሳት ደካማ ናት፤ በረዶ ጨርሶ ያጠፋታል» ይላሉ። ታዲያ በረዶ ሻጭ እንዴት አማች ይሆናል?

አንድ ምሳ ላይ አባባ፣ «ከኮልሃፑር ከተማ አንድ የሐኪም ልጅ ለጋብቻ ጠይቆሻል» አሉኝ። «ዝናብ ሲጥል መልስ እጽፍላቸዋለሁ።»

ለዲጋምባር ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«ነገ አናግራቸዋለሁ።»

«ያባርሩሃል።»

«ቢያባርሩኝስ? እግር አለኝ።»

በነጋታው መጣ። የአባባን በር አይቶ፣ ሳያንኳኳ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን እኔው ተናደድኩ። «አንተ ስትፈራ እኔ ኮልሃፑር ልገባ ነው!»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ተቀደደ።

ምሳ አቀረብኩ። እንቅልፍ የለም፤ የኛም ሰዓት አበቃ፤ ደብዳቤው ይጻፋል። አባባ በልተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ምንጣፋቸውን አንሥተው ዘረጉ።

«አባባ፣ ዝናብ ጣለ እኮ።»

«ጆሮ አለኝ።»

«ቀን መተኛት…»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ያ ልጅ ከመጣ ዝናብ ላይ እንዳታቆሚው። ዝንጅብል አፍይለት። በረዶውን ግን ከደጄ ያርቅ።»

ለካ ሁለቱን ወር ሙሉ ያውቁ ኖሯል!

አይመጣም፣ ወንዙ ሞልቷል ብዬ ተስፋ ስቆርጥ፣ ዲጋምባር በስብሶ ገባ። አባባን ተኝተው ሲያይ ወደ ኋላ አለ። ክንዱን ያዝኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ያኔ ነው።

ለጀርባቸው ተናገረ። «አባቴ፣ ልጅዎን ማላቲን ይስጡኝ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«የተኛ ሰው እንዲህ ይጠየቃል?» አሉ አባባ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ተቀመጥና ትኩሱን ጠጣ። ኮልሃፑር ያለውን ሰው እንዴት አድርገን ይቅርታ እንደምንጠይቅ አብረን እናስባለን።»

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብርድ መታቸው ብዬ ብርድ ልብስ ለማምጣት ሮጥኩ። ዲጋምባር እስከ ዛሬ በዚህ ይስቅብኛል፤ አባባ እየሳቁ ነበር።